ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሦስት ኦዲተር፦ በወርቅ ዘመን የቪክቶሪያ ሂሳብ እንዴት ከእጅ አመለጠ (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ሜልቦርን ያላችሁ ወዳጆች ስፕሪንግ ጎዳና ጫፍ ላይ ያለውን የድሮ ግምጃ ቤት በትራም ስታልፉ ሳታዩት አትቀሩም። ዛሬ ሙዚየም ነው። የተሠራው ከ1858 እስከ 1862 ነው (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ምድር ቤቱ ውስጥ ወርቅ እንዲቀመጥባቸው የታሰቡ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በራቸው ከባድ የሆኑ ካዝና ክፍሎች አሉ። ሌባ እንዳይገባ ተብሎ ብዙ ተለፍቶበታል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሕንፃው ከመሠራቱ ጥቂት ዓመታት በፊት የቪክቶሪያ፣ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው የዛሬዋ የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛት፣ መንግሥት ገንዘቡ የት እንደገባ በቅጡ መናገር አቅቶት ነበር። ግድግዳ ሰብሮ የገባ የለም። ገንዘቡ በፊርማ፣ በደንብና በሥርዓት ነው የወጣው። ማስረጃው ግን በጊዜው አልተመለሰም።

ኦዲት ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ ይህን ታሪክ ሳነብ ሩቅ አገር ያለሁ አልመሰለኝም። ስለዚህ እንደ አንድ የጉዳይ ጥናት ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ሰዎቹን በስማቸው አልጠራም፤ «የመጀመሪያው ኦዲተር»፣ «ወጣቱ ኦዲተር»፣ «ሁለተኛው ገዢ» እያልኩ እሄዳለሁ። ስማቸው በታሪክ መዝገብ ያለ ነው፤ የፈለገ ያገኘዋል። ስም ሲገባ ግን ክርክሩ ወደ ሰውየው ጠባይ ይዞራል፣ ወንበሩ ይረሳል። የኔ ጉዳይ ደግሞ ወንበሩ ነው።

ጀርባው

ቪክቶሪያ ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት የሆነችው ሐምሌ 1 ቀን 1851 ነው። ከዚያ በፊት የኒው ሳውዝ ዌልስ አንድ ወረዳ ነበረች። ገንዘቧ በጀት ሆኖ የሚጸድቀው ሲድኒ፣ ሂሳቧ የሚመረመረውም ሲድኒ። ሜልቦርን ላይ አንድ አስተዳዳሪና ጥቂት ጸሐፊዎች ነበሩ፤ አገሩም የበግ አገር ስለነበር ሥራው ያን ያህል አያስጨንቅም።

በዚያች ቀን ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መቋቋም ነበረበት። ገዢ፣ የቅኝ ግዛት ጸሐፊ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የጉምሩክ ሹም፣ ዋና ኦዲተር። ሠላሳ አባላት ያሉት ሕግ አውጪ ምክር ቤትም ተቋቋመ፤ ሃያው የሚመረጡ፣ አሥሩ የሚሾሙ።

ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ወርቅ ተገኘ። በዚያው ሐምሌ ወሬው ተሰማ፣ በነሐሴ ባላራት ላይ ቁፋሮ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለማመን ያስቸግራል። በ1851 ቆጠራ 77 ሺህ ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1854 ቆጠራ 237 ሺህ ደርሶ ተገኘ። በሦስት ዓመት ሦስት እጥፍ! ጥቅምት 1851 ላይ ገዢው ወደ ለንደን ሲጽፍ በአንዳንድ የከተማው ዳርቻ አንድ ወንድ እንኳ እንዳልቀረ፣ ቤቶች እንደተዘጉ፣ ትምህርት ቤት ሳይቀር እንደቆመ ገልጾ ነበር። ሜልቦርን ከነበሯት 40 ፖሊሶች የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው እስኪባል ድረስ ሰው ሁሉ አካፋ ገዝቶ ወደ ቁፋሮ ነጎደ።

ፖሊስ ሲሄድ ይታያል፤ ጎዳናው ባዶ ይሆናል። የሂሳብ ጸሐፊ ሲሄድ ግን ለጊዜው ምንም አይታይም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ክምር ትንሽ ከፍ ይላል፣ በቃ። የሚያስከፍለው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ስለ ገቢው አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። አንዱ ዋና የገቢ ምንጭ የመሬት ሽያጭ ነበር። መሬቱ የኩሊን፣ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ነው። በ1835 አንድ ግለሰብ ከእነሱ ጋር «ውል ገባሁ» ሲል የእንግሊዝ መንግሥት «መሬቱ የዘውዱ ነው» ብሎ ውሉን ሻረው፤ ከዚያ ራሱ ቆርሶ መሸጥ ጀመረ። ያንን በግኝትነት የመዘገበ ኦዲተር አልነበረም፤ እንዲመዘግብም አልተሾመም።

ሁለት ካዝና

ወደ ችግሩ ከመግባታችን በፊት ይህችን እንያት፣ ምክንያቱም ብዙ ነገር ከሷ ይነሳል። የቅኝ ግዛቷ ገቢ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነበር። የጉምሩክና የመሳሰለው ገቢ «ጠቅላላ ገቢ» ይባላል፤ የሚወስንበት ምክር ቤቱ ነው። የመሬት ሽያጭና አዲሱ የወርቅ ቁፋሮ ፈቃድ ደግሞ የዘውዱ ገቢ ነው ተባለ፤ የሚያዝበት ገዢው ነው።

በ1851 መጨረሻ ገዢው ለወርቅ ቦታዎቹ ፖሊስ፣ ኮሚሽነርና የወርቅ አጀብ መክፈያ ሲጠይቅ ምክር ቤቱ «እኛ የማናዝበት ገቢ ላመጣው ወጪ እኛ አንከፍልም» አለ። እውነቱን ለመናገር ክፉ ክርክር አይደለም። ለንደን በ1852 የወርቁን ገቢ ለምክር ቤቱ እስክትለቅ ድረስ ግን ወጪው ቀጥሏል። ሁለት ኪስ ባለበት ቤት ደግሞ የቱ ወጪ ከየትኛው ኪስ እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ከጠፋ ቤቱን ማንም አያውቀውም።

ችግሩ፦ ወንበሩ

ዛሬ ዋና ኦዲተር ስንል የሚመጣልን ሰው ከሚያወጣውም ከሚሰበስበውም ራቅ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። በ1851ዷ ቪክቶሪያ እንዲያ አልነበረም። ዋና ኦዲተሩ ከገዢው አማካሪዎች አንዱ ሆኖ ወጪ ሲወሰን አብሮ ይቀመጣል። በሕግ አውጪው ምክር ቤትም ተሿሚ አባል ሆኖ መንግሥትን ወክሎ ይከራከራል። ከዚያ ቢሮው ተመልሶ ያንኑ ወጪ ይመረምራል።

ራሱ አዝዞ፣ ራሱ ተከራክሮ፣ ራሱ ኦዲት!

የመጀመሪያው ኦዲተር በበግ እርባታና በመሬት የከበረ ሰው ነበር። ሜልቦርን ላይ መሬት መጀመሪያ በሐራጅ ሲሸጥ፣ በ1837፣ ከ150 ፓውንድ ባነሰ የገዛውን ቦታ ከሁለት ዓመት በኋላ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ሸጦታል። ሌባ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ የሚል ማስረጃ የለኝም። ግን የመሬት ገቢ ዋና ገቢ በሆነበት አገር የመሬት ነጋዴ ሂሳብ መርማሪ ሆኖ ሲሾም ማንም ቅንድቡን አላነሳም። ለምን ቢባል፣ በጊዜው ሹመት የሚሰጠው ለተከበረና ለታወቀ ሰው ነው። ሂሳብ ማወቅ የጸሐፊ ሥራ ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ ቤንዲጎ ሄዶ ወርቅ እየቆፈረ ነው።

ይህ ሰው ከአንድ ዓመት ትንሽ በለጥ ብሎ በ1852 ለቀቀ።

በእሱ ቦታ የተተካው ወጣቱ ኦዲተር ነው፤ ታሪኩ ላይ ከሁሉም በላይ የምወደው ሰው። ከካምብሪጅ ተመርቆ በ1850 መጨረሻ ሜልቦርን ገባ፣ ትምህርት ቤቶችን በመቆጣጠር ሥራ ጀመረ፣ በጥቅምት 1852 ዋና ኦዲተር ሆነ። ዕድሜው 25። ችሎታ ነበረው፤ ያውም የተትረፈረፈ። ጣጣው እሱ ነው፤ ችሎታ ያለው ሰው በጠፋበት መሥሪያ ቤት ችሎታ ያለው ሰው ላይ ምን እንደሚጫን የምታውቁት ነው።

በህዳር 1852 የቅኝ ግዛቷን በጀት አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ያቀረበው ዋና ኦዲተሩ ነው። በዚያ በጀት ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ 10 ሺህ ፓውንድ አስገባ። የዩኒቨርሲቲውን ሕግ ረቂቅም እሱ አቀረበ፣ ሕጉ በጥር 1853 ወጣ፣ የመጀመሪያው ምክትል ቻንስለርም እሱ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በ1855 በ16 ተማሪዎች ማስተማር ጀመረ፤ ዛሬ የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። እንግዲህ ጥሩ ሥራ አይደለም ማን ይላል? ግን ልብ በሉ፤ በዚያች ሰዓት ኦዲቱን ማን እየሠራ ነው?

በታህሳስ 1853 ደግሞ ወጣቱ በተሻለ ደመወዝ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ተዛወረ። ሦስተኛ ኦዲተር ተሾመ። ቅኝ ግዛቷ ከተቋቋመች ገና ሁለት ዓመት ተኩሏ ነው።

ችግሩ፦ ሳይወራረድ የቀረው ገንዘብ

አሁን ወደ ሆዱ ገባን።

ወርቅ ቦታ ላይ አንድ የመንግሥት ኮሚሽነር አለ እንበል። ድንኳን ውስጥ ነው። ፈረሶች አሉት፣ ፖሊሶች አሉት፣ ገብስና ድርቆሽ ይገዛል፣ ጋሪ ይከራያል፣ የቀን ሠራተኛ ይከፍላል። ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ይንራል። ሜልቦርን በፈረስ የቀናት መንገድ ነው፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ይሆንና ጋሪው እስከ መሃል እግሩ ይሰምጣል። እያንዳንዱን ክፍያ ሜልቦርን አስፈቅዶ መክፈል አይቻልም። ስለዚህ በቅድሚያ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ አውጥቶ ሲጨርስ ማስረጃውን ይዞ መጥቶ ያወራርዳል።

አሠራሩ በራሱ ስህተት የለበትም። እኛም አለን። የመስክ ሥራ ያለው መሥሪያ ቤት ያለ ቅድመ ክፍያ አንድ ሳምንት አይንቀሳቀስም።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ኮሚሽነሩ ገንዘቡን ጨረሰ፣ ማስረጃው ግን አልተጠናቀቀም። ገብስ የሸጠለት ሰው መጻፍ አይችልም፣ ጋሪ ያከራየው ደግሞ ወደ ሌላ ቁፋሮ ሄዷል። ፈረሶቹ ግን ነገም ይበላሉ። ሜልቦርን ያለው ሹም ምን ያድርግ? «የመጀመሪያውን ሳታወራርድ ሁለተኛ አልሰጥም» ቢል የወርቅ ቦታው ፖሊስ ይበተናል፣ ጥፋቱ ደግሞ የሱ ይባላል። ስለዚህ ይሰጣል። ሦስተኛም ይሰጣል። ኦዲት ቢሮው ውስጥ ማስረጃውን ተቀብሎ የሚያመሳክር ጸሐፊ ስለሌለ የመጣውም ማስረጃ ሳይታይ ይከመራል። መዝገቡ ላይ ገንዘቡ ወጪ አይባል፣ ቀሪ አይባል፤ «በእገሌ እጅ» ተብሎ ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ ስሙ ይቅር በሚባል መሥሪያ ቤት ኦዲት ስንሠራ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተሰጠ የመስክ አበል ቅድመ ክፍያ በአንድ ሾፌር ስም ተንጠልጥሎ አገኘን። ሾፌሩ ጡረታ ወጥቷል። ስንደውልለት «ወረቀቱን ያኔውኑ ለእታለም ሰጥቻታለሁ» አለን። እታለም የቀድሞዋ ሂሳብ ሠራተኛ ናት፣ እሷም ሌላ አገር ናት። ወረቀቱ ኋላ ላይ የተገኘው ሳይመዘገብ በቀረ ክላሰር ውስጥ ነው። ገንዘቡን የበላው የለም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ይህን ማለት አይችልም ነበር። የቪክቶሪያው ሂሳብ ላይ ከስርቆቱ ይበልጥ ይህ ነው የሚታየኝ። ስርቆት ሳይኖር አይቀርም። ግን ንጹሑንም ሌባውንም መለየት የማይቻልበት ሁኔታ መፈጠሩ ከስርቆቱ ይብሳል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ገዢ ያደረገው ያው ማንም የሚያደርገውን ነው። ጸሐፊዎች እንዳይሄዱ ደመወዝ ጨመረ። የሄዱትን ፖሊሶች ለመተካት ከጎረቤት ደሴት፣ ከዛሬዋ ታስማኒያ፣ ጡረተኛ ወታደሮች አስመጣ። ገቢ ለመጨመር የቁፋሮ ፈቃዱን ከወር 30 ሺሊንግ ወደ 3 ፓውንድ እጥፍ ሊያደርገው በታህሳስ 1851 አስቦ ነበር። ቆፋሪዎቹ ተሰብስበው ሲቃወሙ መልሶ ተወው።

ደመወዝ መጨመሩ ሰዎቹን በተወሰነ ደረጃ ያቆያቸዋል፣ ወጪውን ግን ያንረዋል። መንገድ፣ ድልድይ፣ የመንግሥት ሕንፃ ሁሉ በወርቅ ዘመን ዋጋ ነው የሚሠራው። ገቢው ሲያድግ ማንም አልተጨነቀም። በ1853 መጨረሻ ግን ፈቃዱ ረከሰ፣ ለዓመት 8 ፓውንድ ሆነ፤ ከላይ ከላይ የሚገኘው ወርቅም እያለቀ ሄደ። ወጪው ግን በነበረበት ቀጠለ።

ገዢው በግንቦት 1854 ተሰናብቶ ሄደ። ሁለተኛው ገዢ በሰኔ ገባ። የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ መርከብ ላይ ያደገ፣ ሥርዓት የሚወድ፣ ሂሳብ ሲዛነፍ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። መጥቶ መዝገቡን ሲያስገልጥ የ1854 ዓመት ጉድለት ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚሆን ተነገረው። በቅድመ ክፍያ ወጥቶ ሳይወራረድ የቆየውም ብዙ ሆኖ ተገኘ። ደንግጦ የባንክ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁሞ ሂሳቡን እንዲመረምሩ አደረገ። የቅድመ ክፍያውን አሠራርም አስቆመ።

እስከዚህ ድረስ አጨበጭብለታለሁ። በውስጥ ያለው ኦዲት አቅም ሲያጣ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ከውጭ መጥራቱ ትክክል ነው። የገንዘቡን ቧንቧ መዝጋቱም ትክክል ነው። ከዚያ ግን ጉዳዩ ተጣመመ።

ግኝቱ ወዴት ተወሰደ

ሁለተኛው ገዢ በነሐሴ መጨረሻ ወርቅ ቦታዎቹን ጎበኘ። ቆፋሪዎቹ በእልልታ ተቀበሉት። ወርቁን አየ፣ ሰዉን አየ፣ «እነዚህማ መክፈል ይችላሉ» ብሎ ተመለሰ። በመስከረም ትዕዛዝ አወጣ፦ የፈቃድ ፍተሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደረግ።

አስቡት። የተገኘው ጉድጓድ የወጪ ቁጥጥር ጉድጓድ ነው። የተገኘው መፍትሔ ደግሞ የገቢ ማሳደድ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ውሻው የጮኸው በጎረቤቱ ላይ ነው።

ፈቃዱ ወርቅ ያገኘም ያላገኘም እኩል የሚከፍለው ነው። ጉድጓድ ውስጥ ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ የሚቆፍር ሰው ወረቀቱን ድንኳኑ ውስጥ ከተወው ፖሊሱ ይዞት ይሄዳል። ፖሊሱ ደግሞ ከቅጣቱ ገንዘብ ድርሻ አለው፤ ግማሹ የሱ ነው። ከቅጣት ግማሽ የሚደርሰው ሰው ምን ያህል እንደሚተጋ ግልጽ ነው። መሰብሰቢያው ራሱም ብዙ ገንዘብ ይበላ ነበር፦ ኮሚሽነር፣ ፖሊስ፣ ፈረስ፣ ድርቆሽ። ማንም ቁጭ ብሎ «ይህን ፈቃድ ለመሰብሰብ የምናወጣው ስንት ነው?» ብሎ ቀድሞ ቢያሰላ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ያ ስሌት የኦዲት ቢሮ ሥራ ነው።

በጥቅምት ባላራት ላይ አንድ ቆፋሪ ተገደለ። ተጠርጣሪው የሆቴል ባለቤት ነበር። በነጻ የለቀቀው ዳኛ ከሆቴል ባለቤቶች ጋር የገንዘብ ንክኪ ያለው ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ሆቴሉን አቃጠለው። በህዳር መጨረሻ ቆፋሪዎቹ ፈቃዳቸውን በእሳት አጋዩ፣ ኢዩሬካ በሚባለው ቦታ በእንጨት አጥር ሠርተው መሸጉ። ታህሳስ 3 ቀን 1854፣ እሑድ ሳይነጋ፣ ወታደርና ፖሊስ ወረራቸው። ውጊያው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከ20 በላይ ቆፋሪዎችና ጥቂት ወታደሮች ሞቱ።

ይህ ሁሉ በኦዲት ምክንያት መጣ አልልም። የመምረጥ መብት ጥያቄ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ነበር፣ የፖሊስ ጭካኔ ነበር። ግን የፍተሻውን ትዕዛዝ በዚያች ወር፣ በዚያ ጥድፊያ ያመጣው የሂሳቡ ጉድለት ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ያልሠራውን አይተናል። ሁለተኛው ገዢ መንገድና ግንባታ ማስቆሙ ወጪ ቀነሰ፣ ግን ከተማ ውስጥ ሥራ ፈት አበዛ። በአገር ክህደት የተከሰሱትን 13 ቆፋሪዎች ዳኝነት የተቀመጡት የከተማው ሰዎች በ1855 ሁሉንም በነጻ አሰናበቷቸው። መንግሥት እዚያም ተዋረደ።

የሠራው አሰልቺው ነገር ነው። የወርቅ ቦታዎችን ሁኔታ ያጠናው ኮሚሽን በመጋቢት 1855 ሪፖርቱን አቀረበ። ፈቃዱ ይቅር አለ። በምትኩ ቆፋሪው በዓመት 1 ፓውንድ እየከፈለ የቆፋሪ መብት ወረቀት ያገኛል፤ ዋናው ገቢ ደግሞ ወርቁ ከአገር ሲወጣ በአንድ አውንስ 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ቀረጥ ሆኖ ይሰበሰባል። እስቲ ይህን በሂሳብ ሰው ዓይን እዩት። በየጉድጓዱ አፍ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከማሳደድ ወደብ ላይ ጥቂት ላኪዎችን መቁጠር። ወርቅ ያገኘ ይከፍላል፣ ያላገኘ አይከፍልም። ለመቆጣጠርም ለኦዲትም የሚመች አሠራር ነው፤ ፖሊስም ድርሻ የለውም።

ሁለተኛው የሠራ ነገር በ1857 የወጣው የኦዲት ሕግ ነው። አንድ ሹመኛ ዋና ኦዲተር መሆኑ ቀርቶ ሦስት የኦዲት ኮሚሽነሮች ተሾሙ። ለምን ሦስት? እንደኔ ግምት ያለፈው ታሪክ አስተምሯቸዋል፦ አንዱ ቢሄድ ሁለቱ ፋይሉን ያውቁታል፣ አንዱን ለሌላ ሥራ ቢመኙት ቢሮው ባዶ አይሆንም። በጀት አቅራቢነቱም ለገንዘብ ሚኒስትሩ ሄደ፤ ራስ ገዝ አስተዳደር ከመጣ ወዲህ የሚጠየቅበት ሰው ተገኘ። በጣም የሚያስቀኝ፣ የበግ ሀብታሙ፣ ያ የመጀመሪያው ኦዲተር፣ በዚያው በ1857 የገንዘብ ሚኒስትር ነበር።

ለኛ ሥራ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ እኔ መጀመሪያ የወሰድኩት ቆብ መቁጠርን ነው። አንድ ኦዲተር ስንት ኮሚቴ ውስጥ እንደተቀመጠ ቁጠሩ። የግዢ ኮሚቴ ላይ «ለግልጽነት ተብሎ» የውስጥ ኦዲተር ሲቀመጥ አይታችኋል? እሱ ነው። በቅንነት ነው የሚደረገው፤ የዚያን ግዢ ኦዲት ግን ከዚያ ወዲያ እሱ ሊሠራው አይችልም። ወጣቱን ኦዲተር ያሰናከለው ስንፍና አልነበረም። ጎበዝ ስለሆነ ሁሉም ሥራ እሱ ጋ ሄደ።

የቆይታ ጊዜው ነገርም አለ። የአንድ ዓመት ሂሳብ ተዘግቶ፣ ማስረጃው ተሰብስቦ፣ ተመርምሮ ሪፖርት እስኪሆን በትንሹ ሌላ አንድ ዓመት ይፈልጋል። ኦዲተሩ ከዚያ በታች ከቆየ የጀመረውን አንድም ሂሳብ ሳይጨርስ ይሄዳል ማለት ነው። ጥሩ ባለሙያን በሹመት መሸለም ደስ ይላል፤ ግን ከኦዲት እያወጡ የሚሸልሙ ከሆነ ኦዲት መሸጋገሪያ ድልድይ ይሆናል። እዚያው ባለበት ደመወዙን ማሳደግ ይሻላል።

ስለ ቅድመ ክፍያው ብዙ አልልም፤ በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የኦዲት ሪፖርት ሲቀርብ «በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። የኔ ምክር አንዲት ናት፦ «የመጀመሪያው ሳይወራረድ ሁለተኛ አይሰጥም» የሚለውን ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት መስክ ያለው ሰው ማስረጃ የሚያገኝበትን መንገድ አመቻቹለት። መጻፍ የማይችል ገብስ ሻጭ ሲያጋጥም ምን ይደረግ? ምስክር ይፈርም? አሻራ ይበቃል? ይህ ካልተመለሰ ደንቡ በመጀመሪያው ክረምት ይሻራል።

ሌላው ግኝቱን የሚቀበለው ሰው ነው። ሪፖርት ስትጽፉ «ጉድለት አለ» ብላችሁ ቁጥሩን ብቻ አትተዉ። ቁጥሩን ያየ አለቃ ቀላሉን መንገድ ይይዛል፣ ቀላሉ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ ደካማው ከፋይ ላይ መውጣት ነው። ጉድለቱ ከየት እንደመጣ፣ የቱ የገቢ ማነስ፣ የቱ የቁጥጥር ልልነት እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጥ። ሰብሳቢው ከቅጣት ድርሻ ካለው ደግሞ እሱን በደማቁ ጻፉት።

ሰዎቹ የት ደረሱ

ሁለተኛው ገዢ ታሞ በታህሳስ 31 ቀን 1855 ሜልቦርን ላይ ሞተ። ከእንጨት አጥሩ ውስጥ ክንዱን ያጣው የቆፋሪዎቹ መሪ በዚያው ዓመት ምክር ቤት ገባ፤ በኋላም አፈ ጉባዔ ሆነ።

ወጣቱ ኦዲተር በ1857 ወደ እንግሊዝ ተመለሰና የለንደን ፓርላማ አባል ሆነ። ግላድስተን የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ የግምጃ ቤቱ የፋይናንስ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ የ1866ቱን የኦዲት ሕግ ካስወጡት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ሕጉ ዋና ኦዲተሩ ሁለቱም ምክር ቤቶች ካልጠየቁ በቀር ከሥራ እንዳይነሳ ይላል። ፓርላማ ውስጥ አባል ሆኖ እንዳይቀመጥም ይከለክላል። በ25 ዓመቱ እሱ ራሱ ኦዲተርም የምክር ቤት አባልም ነበር።